ካሬ ለሜትር፣ ሊትር ለካሬ፦ መለኪያቸው የተለያየ ልኬቶችን ማካፈል ምን ማለት ነው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የሰፈር ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ ቆየሁ። ጂኦሜትሪ ላይ ስንደርስ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፦ «ካሬ ሜትርን ለሜትር እንዴት ነው የምናካፍለው? ሁለቱ ለየቅል ናቸው እኮ!» የሚገርመው፣ ጥያቄው ከልጆቹ ብቻ አይመጣም። ቤት የሚያሠራ አባትም፣ ሴራሚክ የምትገዛ እናትም በሌላ መልኩ ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ማካፈል ማለት ማደል አይደለም እንዴ? ሜትር ኪዩብ ለካሬ ሜትር እንዴት ይታደላል?

ያሳሳተን ቃሉ ነው። «ማካፈል» ሲባል ትዝ የሚለን ዳቦ ቆርሶ ማደል ነው። መልሱንም «ድርሻ» ነው የምንለው። ግን እስቲ ልጅ ሆነን የተማርነውን መለስ ብላችሁ እዩት። 12 ብርቱካን ለ3 ልጆች ሲካፈል 4 ነው። 4 ምን? 4 ብርቱካን እንላለን። ሙሉው መልስ ግን «ለአንድ ልጅ 4 ብርቱካን» ነው። ብርቱካንና ልጅ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ስለዚህ የተለያዩ ነገሮችን ማካፈል የጀመርነው ጂኦሜትሪ ላይ ስንደርስ አይደለም። ከመጀመሪያውም እዚያው ነበርን።

እንዲያውም ለየት የሚለው ሌላኛው ነው። 12 ሜትር ገመድ አለኝ። ሦስት ሦስት ሜትር እያደረግሁ ብቆርጠው ስንት ይወጣዋል? 4። እዚህ መልሱ 4 ሜትር አይደለም። 4 ቁራጭ ነው። ሜትሩ የት ገባ? ተጣፋ።

ሁለት ጥያቄዎች አሉ ማለት ነው። አንደኛው «ይህ በዚያ ውስጥ ስንቴ ይገባል?» ነው። ይህን መጠየቅ የሚቻለው ሁለቱ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?» ነው። ይሄኛው ዓይነት አይመርጥም። ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ብር በካሬ፣ ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሁሉም ከዚህ የሚወለዱ ናቸው። ሜትር ኪዩብ ለካሬ ሜትርም ያው ነው። ለእያንዳንዷ ካሬ ስንት ሜትር ኪዩብ ይደርሳታል?

ሁለቱም ርዝመት ሆነው አንዱ በሜትር፣ ሌላው በሴንቲ ሜትር ቢሰጠኝስ?

ወደ አንድ መለኪያ አምጣቸውና አካፍል። 12 ሜትር የሆነ ፌሮ በ80 በ80 ሴንቲ ሜትር ሊቆረጥ ነው እንበል። 1,200 ለ80 ሲካፈል 15 ቁራጭ።

አንድ ተማሪዬ ዝም ብሎ 12ን ለ80 አካፈለና 0.15 አለኝ። ልስቅ ነበር፣ ግን ቆም ብዬ ሳስበው ልጁ አልተሳሳተም። መልሱን ሳይጨርስ ነው የተወው። 0.15 «ሜትር ለሴንቲ ሜትር» ቢል ኖሮ ትክክል ነበር። አንድ ሜትር ውስጥ ሴንቲ ሜትር 100 ጊዜ ይገባል። 0.15 በ100 ሲባዛ 15። መለኪያውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሲሮጥ ነው የጠፋው።

ስፋትን ለርዝመት ሳካፍል ለምን ርዝመት ይወጣል?

140 ካሬ ቦታ አለ። ፊቱ 10 ሜትር ነው። ወደ ውስጥ ስንት ይገባል? 14 ሜትር። ይህን ማንም በአፉ ይሠራዋል። ለምን እንደሆነ ግን ማየት ይሻላል።

ቦታውን 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆኑ ንጣፎች ሸፍኑት። 140 ንጣፍ ይፈልጋል። ከመንገዱ ጀምራችሁ ስትደረድሩ የመጀመሪያው ረድፍ 10 ንጣፍ ይወስዳል፤ ሁለተኛውም 10። 140ው እስኪያልቅ 14 ረድፍ ይሆናል። እያንዳንዱ ረድፍ ወደ ውስጥ 1 ሜትር ይገባል። ስለዚህ 14 ሜትር። በጽሑፍ ሲሆን ካሬ ሜትር ማለት ሜትር ሲባዛ በሜትር ነው፤ ከላዕሉ አንዱ ሜትር ከታህቱ ሜትር ጋር ይጣፋል፣ አንድ ሜትር ይቀራል። መጣፋቱ አስማት አይደለም። ከረድፎቹ ቆጠራ የመጣ ነው።

በነገራችን ላይ «ካሬ» የሚለው ቃል ራሱ ያምታታል። ክፍል ውስጥ ካሬ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ቅርጽ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «ቦታው 140 ካሬ ነው» ሲባል ማንም ቅርጹን አልነገረህም። ደላላው የሚጠራልህ ካሬውን ነው። ፊቱን ጠይቀውና አካፍል። ፊቱ 4 ሜትር ከሆነ ያው 140 ካሬ 35 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ያ ቤት ሳይሆን ኮሪደር ነው። ቦታው የተጣመመ ከሆነ ደግሞ የምታገኘው አማካይ ጥልቀቱን ነው። አንዱ ጥግ ከዚያ ይበልጣል፣ ሌላው ያንሳል።

ይዘት ለስፋት ሲካፈልስ?

እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው። ሜትር ኪዩብ ለካሬ ሜትር ሲካፈል ሜትር ይወጣል። ውፍረት ወይም ጥልቀት ማለት ነው። አንዴ ዓይናችሁ ከለመደው በየቦታው ታዩታላችሁ።

ግቢ ከሆነ፣ 4 ሜትር ኪዩብ አርማታ 40 ካሬ ላይ ቢፈስስ 0.1 ሜትር፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል።

ጓዳም ግቡ። ምጣዱ 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር አለው እንበል። ስፋቱ ወደ 2,827 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 700 ሚሊ ሊትር ሊጥ ዙሪያውን ብታዞሩበት፣ 1 ሚሊ ሊትር 1 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ስለሆነ፣ 700 ለ2,827 ወደ 0.25 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። 2.5 ሚሊ ሜትር። ዓይን ሲያወጣ ከፍ እንደሚል እናውቃለን፤ ሒሳቡ የሚነግረን ሊጡ ምጣዱ ላይ ባረፈበት ቅጽበት ያለውን ውፍረት ነው። እጇ የለመደ ባለሙያ ይህን ክፍፍል በቀን ሰላሳ ጊዜ ትሠራዋለች፣ ያለ ካልኩሌተር።

ዝናብ ሌላው ነው። «ትናንት 20 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ዝናብ ውኃ ነው፣ ውኃ በሊትር ይለካል፣ ታዲያ ሚሊ ሜትር ከየት መጣ? ከክፍፍል ነው የመጣው። 1 ሊትር 1 ካሬ ሜትር ላይ ብታፈስሱትና ባይሰርግ፣ ባይፈስ፣ 1 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ማለት ለእያንዳንዷ ካሬ 20 ሊትር ማለት ነው። 60 ካሬ የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰው በዚያ ቀን 1,200 ሊትር ከሰማይ ወርዶለታል። አሸንዳና ሮቶ ካለው ማለቴ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። እያንዳንዷ የከተማዋ ካሬ በዓመት ከአንድ ሜትር ኪዩብ በላይ ውኃ ትቀበላለች ማለት ነው፤ ክብደቱ ከ10 ኩንታል በላይ።

ትልቁን ምሳሌ ከፈለጋችሁ ወደ ጉባ እንሂድ። የሕዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል። የሚሸፍነው መሬት 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ካሬ ኪሎ ሜትሩን ወደ ካሬ ሜትር እንለውጥ፦ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 1 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ስለሆነ 1.874 ቢሊዮን ካሬ ሜትር። 74 ለ1.874 ሲካፈል 39.5 ገደማ። አማካይ ጥልቀቱ ወደ 39.5 ሜትር ነው።

ግድቡ ግን 145 ሜትር ከፍታ አለው። ታዲያ ምነው 39.5 ብቻ? ምክንያቱም ክፍፍሉ ውኃውን ሁሉ አንድ ወጥ አድርጎ፣ ወለሉ እንደ ሳሎን በተስተካከለ ገንዳ ላይ አንጥፎ ነው የሚነግረን። እውነተኛው ሸለቆ ግን ግድቡ ሥር ጠልቆ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን እየሳሳ የሚሄድ ነው። ጣናን ደግሞ አስቡት። የገጹ ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከንጋት ይበልጣል። ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ስፋት ብቻውን ስለ ውኃው መጠን ብዙ አይናገርም።

የካሬ ጎኑ 4 ሜትር ሲሆን ስፋቱም ዙሪያውም 16 ወጣልኝ። እኩል ናቸው ማለት ነው?

አይደሉም። 16 ካሬ ሜትርና 16 ሜትር እንደ 16 ጤፍና 16 ብር ናቸው። ካላመናችሁ በሴንቲ ሜትር ሥሩት። ስፋቱ 160,000፣ ዙሪያው 1,600 ይሆናል። እኩል የነበረው ነገር መለኪያ ስለተቀየረ ብቻ እኩል መሆኑ ከቀረ፣ መጀመሪያም እኩል አልነበረም።

ብታካፍሏቸው ግን ትርጉም አለው። 16 ካሬ ሜትር ለ16 ሜትር 1 ሜትር ነው። በሴንቲ ሜትርም 100 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ያው 1 ሜትር። የጎኑ ሩብ ማለት ነው። ክብ ላይ ደግሞ ስፋት ለዙሪያ ሲካፈል የሬዲየስ ግማሽ ይሆናል። ያንን 60 ሴንቲ ሜትር ምጣድ ብትሞክሩት 15 ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ።

መለኪያው ጨርሶ የሚጠፋው መቼ ነው?

ላይና ታች አንድ ዓይነት ሲሆኑ። የክብን ዙሪያ ለዲያሜትሩ አካፍሉ፦ 3.14159 እያለ ይቀጥላል። ፓይ ሜትር የለውም፣ ሴንቲ ሜትር የለውም። የስኒ አፍም ይሁን የምጣድ ዙሪያ፣ በክንድም ተለካ በኢንች፣ ያው ቁጥር ነው። ሳይንና ታንጀንትም እንደዚሁ የጎን ለጎን ንጥጥር ናቸው። ማዕዘን የሚለካበት ራዲያንም የቅስት ርዝመት ለሬዲየስ ነው፤ ስም ስላለው መለኪያ ይመስላል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው።

አንድ የሚያሳስት አለ። ግንበኛው የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲሠራ «በሜትር 2 ሴንቲ ስሎፕ ጣልለት» ይላል። ርዝመት ለርዝመት ስለሆነ መለኪያው መጣፋት አለበት፣ ግን ሴንቲና ሜትር ናቸውና 2 ብሎ መተው አይቻልም። 0.02፣ ማለትም 2 በመቶ ነው። 2 ብለህ ብትሠራው ወለል ሳይሆን ገደል ይሆናል።

1 ካሬ ሜትር 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይደለም?

አይደለም፤ 10,000 ነው። የእህቴ ልጅ ለቤታቸው ሴራሚክ ላስላ ብላ ተነሳች። ክፍሉ 20 ካሬ፣ ሴራሚኩ 40 በ40። የአንዱ ስፋት 1,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር። እስከዚህ ጎበዝ። ከዚያ 20 ካሬን 2,000 አደረገችውና ለ1,600 አካፈለች። 1.25 ሴራሚክ! «አጎቴ፣ አንድ ተኩል እንኳ አልሞላም» አለችኝ። ስቀን ስናበቃ ሠራነው፦ 200,000 ለ1,600፣ 125 ሴራሚክ። ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው ጨምሩበት። ሜትር ኪዩብ ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ በ100 ይባዛል፤ 1 ሜትር ኪዩብ 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ነው።

ማካፈል ከተፈቀደ መደመር ለምን ይከለከላል?

ሦስት በግና ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲደመር አምስት ምን ይባላል? ስም የለውም። መደመር አንድ ክምር ላይ መጨመር ነው፤ ክምሩ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ማካፈል ግን ክምር አይፈልግም፣ ግንኙነት ነው የሚፈልገው። ሁለት ኩንታል ጤፍ ለሦስት በግ መለወጥ ይቻላል። ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ሊትር ለኪሎ ሜትር ሲካፈል ስፋት ይወጣል የሚሉት ቀልድ ነው?

እውነት ነው። ሊትር ይዘት ነው፣ ኪሎ ሜትር ርዝመት ነው። ይዘት ለርዝመት ስፋት ይሰጣል። መኪናችሁ በሊትር 12.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ማለት ነው። 0.008 ሜትር ኪዩብ ለ100,000 ሜትር ስታካፍሉ 0.08 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል።

የምን ስፋት ነው? ነዳጁን ሁሉ ከመንገዱ ጎን እንደ ክር ብትዘረጉት፣ የክሩ ወገብ ስፋት ነው። ዲያሜትሩ ወደ 0.32 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መኪናዋ ያንን ቀጭን የቤንዚን ክር እየዋጠች ነው የምትሄደው። ለዕለት ኑሮ ምንም አይጠቅምም፣ ግን እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ነዳጅ ስቀዳ ክሯ ትታየኛለች።

ድሮም እንዲህ ያካፍሉ ነበር?

አልነበረም። የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ኤውክሊድ ንጥጥርን ሲተረጉም በአንድ ዓይነት መጠኖች መካከል ያለ ግንኙነት ነው ብሎ ነው። ርዝመት ከርዝመት፣ ስፋት ከስፋት። ርዝመትን ለጊዜ ማካፈል በዚያ ሥርዓት ቦታ የለውም። ስለዚህ ስለ ፍጥነት የሚያወሩት ዙሪያ ጥምጥም ነበር፦ የዚህ መንገድ ከዚያ መንገድ ጋር ያለው ንጥጥር፣ የዚህ ጊዜ ከዚያ ጊዜ ጋር ካለው ንጥጥር ጋር እኩል ነው፣ እያሉ።

በ1637 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዴካርት አንድ መስመር እንደ «1» ከተያዘ፣ መስመር ለመስመር ተካፍሎ ራሱ መስመር እንደሚወጣ በተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች አሳየ። በ1822 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ፉሪየ ስለ ሙቀት ሲጽፍ፣ የአንድ እኩልነት ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መለኪያ ሊኖረው ይገባል የሚለውን በግልጽ አስቀመጠ። መምህሮቻችን «መለኪያውን ጻፍ!» እያሉ የሚጮሁብን ነገር ዕድሜው ከምናስበው ያነሰ ነው።

መለኪያ ባልጽፍ ምን ይመጣል? ቁጥሩ ልክ ከሆነ በቂ አይደለም?

ፈተና ላይ ነጥብ ይቀነስብሃል። አውሮፕላን ላይ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ሊነሳ ሲል የነዳጅ ጌጁ አይሠራም ነበር። በዘንግ ለኩት፤ 7,682 ሊትር አለ። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ሊትርን ወደ ክብደት የሚለውጠው ክብደት ለይዘት ነው። ወረቀቱ ላይ 1.77 የሚል ቁጥር ነበር። ያ ቁጥር ግን ፓውንድ ለሊትር ነው። ኪሎ ግራም ለሊትር ቢሆን ወደ 0.8 ነበር።

7,682ን በ1.77 አባዙ፤ 13,597 መጣ። ኪሎ ግራም ነው ብለው ወሰዱት። የጎደለውን 8,703 ለ1.77 አካፍለው 4,917 ሊትር ጨመሩ። መጨመር የነበረባቸው ከ20,000 ሊትር በላይ ነው። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነበር፤ አንዲት አሃዝ አልተሳሳቱም። አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ እንዳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ የምትባል ከተማ አጠገብ በነበረ የቀድሞ አየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፉት። የሞተ ሰው የለም።

የትኛውን ከላይ፣ የትኛውን ከታች ላድርግ?

ሁለቱም ትርጉም አላቸው፤ የሚለያየው ጥያቄው ነው። ቀለም ሻጭ «አንድ ሊትር ይህን ያህል ካሬ ይቀባል» ይልሃል። ያ ካሬ ለሊትር ነው። ስንት ልግዛ ለሚል ሰው ይመቻል። ገልብጠህ ሊትር ለካሬ ካደረግኸው ግን የቀለሙን ውፍረት ነው የምታገኘው። 1 ሊትር ለ10 ካሬ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሊትር ለ15 ካሬ ደግሞ 0.067 ሚሊ ሜትር አካባቢ።

ይህን በራሴ ሳሎን ነው የተማርኩት። ግድግዳው 60 ካሬ ነበር። ሻጩ «አንድ ሊትር 15 ካሬ ይቀባልሃል» አለኝ፣ 4 ሊትር ገዛሁ። ውኃ ቀላቅዬ በእርግጥም አዳረስኩት። ቢገለብጡት ምን እንደሚወጣ ግን አላሰብኩም። ነጩ ሲደርቅ የድሮው ሰማያዊ ከሥሩ ብቅ አለ። ሁለተኛ ዙር ለመቀባት ተመልሼ ገዛሁ፤ ከሶፋው ጀርባ ያለው ግን አሁንም ሰማያዊ ነው።